መሐል ላይ መምጣት፣ መሐል ላይ መነሣት

ለንባብ፦ 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥17–34፤ ማቴዎስ 5፥23–24



በዚህ ሳምንት የምናነሣው ጥያቄ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። በየብሎኩ የቤት ኅብረት አለን። በሳምንት አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአንዳችን ቤት ደጃፍ ወይም ከኒም ዛፍ ሥር እንሰበሰባለን። እንዘምራለን፣ ቃሉን እናነባለን፣ የጸሎት ርዕስ እንቀባበላለን፣ በመጨረሻ ቡና እንጠጣለን። ማንም መዝገብ ይዞ ስም አይጠራም። ታዲያ ሙሉውን ሰዓት መቆየት የማንችልበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ምን እናድርግ? ግማሹን እንገኝ ወይስ ከነጭራሹ እንቅር? ከመጣንስ የቱን ግማሽ?

“ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ አለው? የቻለ ይመጣል፣ ያልቻለ ይቀራል” የሚል ይኖራል። ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁ በየኅብረቱ የሚሰማው ቅሬታ አብዛኛው ከትምህርት ልዩነት የመጣ አይደለም። “እሷ ሁሌ ልንጨርስ ስንል ነው የምትመጣው”፣ “እሱ ለራሱ ካስጸለየ በኋላ ውልቅ ይላል” የሚል ነው። አንድ ቀን አርፍዶ ሲገባ ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ስላየው ብቻ፣ በዚያው የቀረ ሰውም አለ። ስለዚህ ትንሽ የሚመስለውን ነገር በቃሉ ፊት እናስቀምጠው።

የሰዓቱ ጌታ ያልሆነ ሰው

የቆሮንቶስ ምእመናንም የሚሰበሰቡት በቤት ነበር። ሰፋ ያለ ቤት ያለው ሰው ቤቱን ይከፍታል፣ አብረው ይበላሉ፣ የጌታን እራት ይካፈላሉ። ጳውሎስ ግን መሰብሰባቸው ከጥቅሙ ጉዳቱ እንደሚበልጥ ጻፈላቸው። ለምን? ቀድመው የደረሱት የየራሳቸውን ምግብ አስቀድመው ይበሉ ነበር። አንዱ ተርቦ ሲቀመጥ ሌላው ጠጥቶ ሰክሯል። ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህራን እንደሚሉት፣ ያ ኋላ የሚደርሰው ሰው ሰነፍ አልነበረም። የጉልበት ሠራተኛ ወይም ባሪያ ነበር፤ አሠሪው ካልለቀቀው መምጣት አይችልም። ቀድሞ የደረሰውም የቀደመው የበለጠ መንፈሳዊ ስለሆነ ሳይሆን ሰዓቱ የራሱ ስለሆነ ነው።

አሁን የጳውሎስን መፍትሔ አስተውሉ። ያረፈደውን ሰው አልገሠጸውም። የተናገረው ቀድመው የደረሱትን ነው፤ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ አዘዛቸው (ቁ. 33)።

እኛስ? እዚህ ካኩማ ውስጥ የሰዓቱ ጌታ የሆነ ሰው ስንት ነው? የውኃ ቧንቧው የሚከፈተው እኛ በፈለግንበት ሰዓት አይደለም፤ ጀሪካኗን አሰልፋ የመጣች እናት ተራዋ ካለፈ ቤቷ ያለ ውኃ ያድራል። የራሽን ቀን ሰልፉ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። በኢንሰንቲቭ የሚሠራ መምህር ወይም አስተርጓሚ አለቃው ሳይለቀው አይወጣም። ምግብ ቤት የምትሠራ እህት ደንበኛ በበዛበት ሰዓት ድስቷን ጥዳ አትመጣም። ለኬዙ ስልክ የተደወለለት ሰው “ዛሬ ኅብረት አለኝ፣ ነገ ልምጣ” አይልም። ከላይ ዝናብ ከጣለ ደረቁ ላጋ በድንገት ይሞላል፤ ማዶ የሚኖር ሰው ጎርፉ ሳይቀድመው መሻገር አለበት። እህቶች ደግሞ ሳይጨልም ቤታቸው ሊገቡ ይፈልጋሉ። ይሄ ማስተዋል እንጂ የእምነት ማነስ አይደለም።

እንግዲህ ለብዙዎቻችን ግማሹን ብቻ መገኘት ምርጫ አይደለም፤ ያለን እሱ ነው። በማርቆስ 12 ላይ ያችን መበለት ታስታውሳላችሁ። ሳጥኑ ውስጥ የጣለችው ሁለት ትናንሽ ሳንቲም ነበር፤ ጌታ ግን ከባለጠጎቹ ሁሉ አስበልጦ ቆጠረላት፤ እነሱ ከትርፋቸው ሲሰጡ እሷ ከጉድለቷ ነበረና። ሃያ ደቂቃ ብቻ ያላት እናት ሃያውን ደቂቃ ይዛ ከመጣች የሰጠችው ከጉድለቷ ነው። “ሙሉውን ካልቆየሽ አትምጪ” የሚል ሕግ ሥርዓት ያስከበረ ይመስላል። ግን መጨረሻው ሰዓት ያላቸው ሰዎች ብቻ የሚቀመጡበት ኅብረት ነው። ያ ደግሞ ጳውሎስ የወቀሰው የቆሮንቶስ ማዕድ ነው።

ይሁንና ነገሩ በዚህ አያልቅም። ሰዓት የሌለው ሰው አለ፤ ሰዓት እያለው የሚሰስት ሰውም አለ። በሉቃስ 14 ላይ ወደ ታላቁ እራት የተጠሩት ሰዎች አንዱ መሬት ገዛሁ አለ፣ አንዱ አምስት ጥማድ በሬ፣ አንዱ ሚስት አገባሁ አለ። ሦስቱም ጉዳዮች በራሳቸው ኃጢአት አይደሉም። ግን አስቀድመው ተጠርተው ነበር፤ ማዕዱ ከተዘጋጀ በኋላ ነው ሰበቡ የመጣው። ታዲያ የእኔ ምክንያት የመበለቲቱ ነው ወይስ የባለ በሬው? ይህን ከውጭ ሆኖ የሚያውቅልን የለም። ራሳችንን የምንጠይቅበትን መንገድ ግን ቃሉ ያሳየናል።

ከመሐል ተነሥተው የሄዱ ሁለት ሰዎች

የመጀመሪያው በማቴዎስ 5 ላይ ነው። ሰውየው መባውን ይዞ መሠዊያው ፊት ደርሷል። እዚያ ቆሞ ሳለ ወንድሙ በእሱ እንደተቀየመ ትዝ አለው። ጌታ “አምልኮህን ጨርስና ትሄዳለህ” አላለውም። መባውን እዚያው ትቶ ሄዶ እንዲታረቅ፣ ከዚያ ተመልሶ እንዲያቀርብ ነው ያስተማረው። እንግዲህ ጌታ ራሱ ከአምልኮ መሐል ተነሥታችሁ ሂዱ የሚልበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው በዮሐንስ 13 ላይ ነው። ይሁዳ ከእራቱ መሐል ተነሥቶ ወጣ። የገንዘብ ከረጢቱን የሚይዘው እሱ ስለነበር፣ አንዳንዶቹ ደቀ መዛሙርት ለበዓሉ የሚያስፈልገውን ሊገዛ ወይም ለድሆች ሊሰጥ የሄደ መሰላቸው። ዮሐንስ ሌሊት እንደነበረ ጨምሮ ጽፎልናል።

በር ላይ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። አንድ ሰው ከመሐል ተነሣ፣ ወጣ፤ በቃ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ተነሥቶ በሚሄደው ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ከጌታ ጋር ስንት ጊዜ የኖሩት ደቀ መዛሙርት እንኳ ይሁዳ ለምን እንደወጣ አላወቁም። ክፉውን መልካም ብለው ከተሳሳቱ፣ እኛ ደግሞ መልካሙን ክፉ ብለን ልንሳሳት እንችላለን። ሁለተኛ፣ የምንነሣው እኛ ከሆንን አንድ ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ፦ የምሄደው ወደ ሰው ነው ወይስ ከሰው ልሸሽ?

የታመመች ጎረቤት ብቻዋን መሆኗ ትዝ ብሏችሁ ከተነሣችሁ የምትሄዱት ወደ ሰው ነው። ውኃ ለልጆች፣ እራት ለሽማግሌ አባት፣ ይሄም ወደ ሰው ነው። ተቀይማችሁት የነበረ ሰው ገብቶ ፊት ለፊት ሲቀመጥ፣ ስልክ የተደወለ መስላችሁ ወጥታችሁ ከቀራችሁ ግን ከሰው ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። በማቴዎስ 5 መሠረት ወደዚያ ሰው ሊያስሄዳችሁ የሚገባው ቅያሜ ነው አሁን ከእሱ የሚያሸሻችሁ።

የቱን ግማሽ?

ቡናችን ሦስት ዙር እንዳለው ሁሉም ያውቃል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አቦል ጠጥቶ ሊነሣ ያለውን “በረካውን ሳትጠጣ?” ብለን እንይዘዋለን። ኅብረታችንም እንዲሁ ዙር አለው። ሰው ከዙሩ የትኛውን እንደሚመርጥ ካየን ልቡ የት እንዳለ እንጠረጥራለን። የሰውን ከማየታችን በፊት ግን የራሳችንን እንይ።

አንዳንዶቻችን ለመዝሙሩና ለቃሉ እንመጣለን፤ የጸሎት ርዕስ ሲጀመር ሰዓት እናያለን። ሌሎቻችን ደግሞ ለጸሎት ርዕሱ እንደርሳለን፤ የራሳችንን ተናግረን፣ ሲጸለይልን “አሜን” ብለን እንሄዳለን። በሁለቱም በኩል የሚቀረው ያው አንድ ነገር ነው፤ የሌላውን ሰው ሸክም መስማት።

እዚህ ሰፈር ውስጥ የሚነገረው የጸሎት ርዕስ ቀላል አይደለም። ልጁ በሊቢያ በኩል ወጥቶ ስልኩ ከተዘጋ ወራት የሆነው አባት አለ። ስንት ዓመት ከጠበቀች በኋላ ኬዟ የተመለሰባት እህት አለች። እናቷ አገር ቤት ሞታ፣ መርዶውን በስልክ ሰምታ፣ አፈር ሳታለብስ የቀረች አለች። እንዲህ ያለውን ነገር ለማውራት ሰው ሳምንታት ሲያስብ ይከርማል። አፉን ከፍቶ መናገር ሲጀምር አንዱ ተነሥቶ በር ላይ ጫማውን ሲፈልግ ካየ፣ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። በሚቀጥለው ሳምንት ተራው ሲደርስ “እኔ ምንም የለኝም፣ ጌታ ይመስገን” ይላል። እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ከዚያ በኋላ አይናገርም። ተነሥቶ ለሄደው የተረፈው አምስት ደቂቃ ነው፤ የተናጋሪው ጉዳት ግን ወራት ይቆያል።

ስለዚህ ይህን ብቻ ብትይዙ እንኳ ይበቃል፦ መሄድ ካለባችሁ ሰው ልቡን ሳይከፍት ተነሡ፣ ወይም ጨርሶ ከተጸለየለት በኋላ ተነሡ። መሐሉ ላይ አትነሡ። ቤት የሚቃጠል ካልሆነ በቀር አምስት ደቂቃ ይገኛል።

ሃያ ደቂቃ ብቻ ካላችሁም ከሃያው አሥሩን ለሌላ ሰው አድርጉ። በገላትያ 6 ላይ ያለው ሸክምን የመሸከም ትእዛዝ እርስ በርስ ነው፤ አንዱ ሁልጊዜ ተሸካሚ፣ ሌላው ሁልጊዜ የሚያሸክም እንዲሆን አይደለም። ሥራችሁ ሁሌም ግማሹን ብቻ የሚያስገኛችሁ ከሆነ ደግሞ ከተቻለ ግማሹን ለዋውጡት። አንድ ሳምንት ከመጀመሪያው እስከ ቃሉ፣ በሌላው ሳምንት ከቃሉ እስከ ቡናው። ሥራው የማያፈናፍን ከሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን መለወጥ እየቻላችሁ ሁልጊዜ የሚቀርባችሁ ያው አንድ ክፍል ከሆነ፣ የቀራችሁት ሰዓት አጥታችሁ ላይሆን ይችላል።

ሰዓት ከሌለን ግማሽ ሰዓት ይዘን መምጣት እንችላለን። ግማሽ ሰው ሆነን መምጣት ግን ለማንም አይጠቅምም። አካሉ ምንጣፉ ላይ፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ የሆነ ሰው ሦስት ሰዓት ቢቀመጥ እንኳ ግማሽ ጎፈሬ ግማሽ ልጩ ነው።

በግልጽ መናገር

የስልክ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ “መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ” የምትለዋን ነገር እንተዋት። ጫማ ሳያደርጉ መንገድ ላይ ነኝ ማለት ውሸት ነው። ጌታ አዎ አዎ፣ አይደለም ደግሞ አይደለም እንዲሆን አስተምሮናል። “ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነው የምቆየው” ብሎ ገና ሲገቡ መናገር ሁሉንም ያሳርፋል። መሪው ያውቃል፣ ሰው አይጠረጥርም፣ እናንተም ሰዓት እያያችሁ አትጨነቁም። በር አጠገብ ተቀመጡ፤ ስትነሡ ማንንም አታቋርጡም።

“በመንፈስ ከእናንተ ጋር ነኝ” የሚል መልእክት የምንልክም አለን። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ጽፏል፤ ግን የጻፈው ከእስር ቤት ሆኖ፣ ሩቅ አገር ላሉ ሰዎች ነው። እኛ የምንልከው ከሚቀጥለው ብሎክ ነው።

አሥራ አንደኛው ሰዓት

ከመጀመሪያው መዝሙር እስከ በረካው የምትቆዩ ደግሞ አላችሁ። ምንጣፍ የምታነጥፉት፣ ከሰል የምታቀጣጥሉት፣ ሲኒ የምታጥቡት እናንተ ናችሁ። ድካማችሁ በጌታ ዘንድ አይረሳም። ለእናንተም ግን ቃል አለ።

በማቴዎስ 20 ላይ የወይን አትክልቱ ጌታ ሠራተኛ ሊቀጥር ማለዳ ወጣ፤ ደግሞም በሦስት፣ በስድስት፣ በዘጠኝና በአሥራ አንድ ሰዓት ወጣ። እኛ አማርኛ አንባቢዎች ይህ ክፍል ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው እንደኛው ከንጋት ነው፣ ስዋሂሊውም እንዲሁ ይቆጥራል። አሥራ አንድ ሰዓት ማለት ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው። እነዚያ በመጨረሻ የመጡት ከማለዳዎቹ እኩል አንድ ዲናር ተከፈላቸው። የማለዳዎቹ አጉረመረሙ። የተስማሙበትን ሙሉ ደመወዝ ተቀብለዋል፣ አንድም ሳንቲም አልጎደለባቸውም። የጎደለባቸው ደስታ ነው፤ የወሰደባቸውም ሌላው ሰው ምን ያህል ቆየ ብለው መቁጠራቸው ነው።

ይህ ምሳሌ ግን ሆነ ብሎ ለሚያረፍድ መሸሸጊያ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ለምን ሥራ ፈታችሁ ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው የቀጠረን የለም የሚል ነበር። ጠሪ አጥተው እንጂ ተኝተው አይደለም። ስለዚህ አንድን ሰው “እሱ እኮ አይመጣም” ከማለታችን በፊት፣ የጠራው ሰው አለ ወይ ብለን እንጠይቅ። ለቡናው የሚያዋጣው ስኳር ስለሌለው አፍሮ የቀረ ይኖራል። ባዶ እጁን እንዲመጣ ካልነገርነው በቀር አይመጣም።

ቤታቸውን ለሚከፍቱና ለሚመሩ

በሐዋርያት ሥራ 20 ላይ ጳውሎስ በጢሮአዳ እስከ እኩለ ሌሊት ተናገረ። አውጤኪስ የሚባል ጎልማሳ በመስኮት ተቀምጦ ሳለ እንቅልፍ ጥሎት ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። በታሪኩ ውስጥ “ለምን ተኛ?” ብሎ የወቀሰው ሰው የለም። ጳውሎስ ስብከቱን አቁሞ ወረደ፣ አቀፈው፣ ልጁም በሕይወት ተመለሰ። ጳውሎስ እንኳ ሲረዝም የሰው አካል ይደክማል። የእኛ ኅብረት መቼ እንደሚያልቅ ካልታወቀ፣ ሰው በየመሐሉ መነሣቱ አይግረመን። ለመጀመርም ለመጨረስም ሰዓት ይኑረን፤ የጸሎት ርዕሱንም ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አናድርገው፤ ቀድመው የሚሄዱት ሰምተው፣ ተሰምተው ይሂዱ።

ሰው ዘግይቶ ሲገባ አንገት አይዙር፤ አጠገቡ ያለው ሰው ምዕራፉን በጣቱ ያሳየው። ሲነሣም “ጌታ ይከተልህ”፣ “ጌታ ይከተልሽ” ብለን እንሸኘው። ቶማስን አስታውሱ። በትንሣኤው ዕለት ማታ ደቀ መዛሙርት ሲሰበሰቡ እሱ አልነበረም። ጓደኞቹ ግን ያዩትን ነገሩት፤ ቢጠራጠርም አላባረሩትም። ከስምንት ቀን በኋላ ከእነሱ ጋር ነበር፤ ጌታም የቀረበትን አልነፈገውም፣ ለእሱ ሲል እጁንና ጎኑን ደግሞ አሳየ። ቦታው ተይዞለት ባይቆይ ያን ቀን የት ይገኝ ነበር?

ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ የተገናኘነው ሁላችንም ከመሐል ተነሥተን ነው። ከቤታችን፣ ከትምህርታችን፣ ከወላጆቻችን መሐል ሳንሰናበት የወጣን ብዙ ነን። አንድ ቀን ደግሞ ስልኩ ይደወልና ከመካከላችን አንዱ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ መዝሙሩን ሳንጨርስ። ሙሉውን የሚቆይ ማንም የለም። ስለዚህ ያለንን ያህል ሰዓት ይዘን እንምጣ፣ ስንቆይ ከልባችን እንቆይ፣ ስንሄድም ተሰናብተን እንሂድ።

ለመወያያ
1. በእኛ ኅብረት የሰዓቱ ጌታ ያልሆነው ማን ነው? ለእሱ ወይም ለእሷ ብለን የቀኑን ሰዓት ብንለውጥ ምን ይከብደናል?
2. እኔ ብዙ ጊዜ የሚቀርብኝ የስብሰባው ክፍል የቱ ነው? ለምን?
3. አርፍዶ ከመጣ በኋላ በዚያው የቀረ ሰው እናውቃለን? በዚህ ሳምንት ማን ይጎብኘው?

ጸሎት
ጌታ ሆይ፣ ሰዓታችን በእጅህ ነው። ትንሽ ያለንን ሳናፍር እንድንሰጥ፣ ብዙ ያለንን ሳንሰስት እንድንሰጥ እርዳን። ሲናገር ያልተሰማውን ወንድማችንን የምንሰማበት ጆሮ ስጠን። የሚመጣውን የምንቀበልበት፣ የሚሄደውን የምንመርቅበት ልብ ስጠን። አሜን።